ጣት የሚያድን መጋዝ

ውድ አዘጋጅ፣

ለገጣፎ ላይ አነስተኛ የእንጨት ሥራ ቤት አለኝ። ስለ ፈጠራ ባለመብቶች ስትጽፉ ስቲቭ ጋስን እንዳትረሱት። ይህ አሜሪካዊ እንደ ፈረንጆቹ በ1999 ጣት ሲነካው የሚቆም መጋዝ ሠራ። ሰውነታችን ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፤ ደረቅ እንጨት ግን እምብዛም። ማሽኑ ልዩነቱን ለይቶ በ5 ሚሊሰከንድ ገደማ ቀጥ ይላል። መጀመሪያ በቋሊማ ሞከረው። ቀጥሎ በገዛ ጣቱ! (ጀግና ይሁን ቀውስ እንጃ።) የእኔ የግራ ሌባ ጣት ጫፍ የለውም።

ረዳቴ ለመጋዛችን ከቆርቆሮ መከለያ ሠርቷል። «ይሄም ፈጠራ ሆኖ?» ይለኛል። አዋጅ 123/1987 እኮ ለፓተንት 15 ዓመት፣ ለአነስተኛ ፈጠራም 5 ዓመት ጥበቃ ይሰጣል፤ ሊራዘምም ይችላል። ሰኞ ሱቁን ዘግቼ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ይዤው እሄዳለሁ።

አንድ አናጺ፣ ከለገጣፎ