ካቆምንበት ክርክር

ደብረ ብርሃን፣ ኅዳር 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለጎፈሬው፤

እንደምን ከርመሃል? እኛ ደኅና ነን። ብርዱን አልነግርህም፣ ታውቀዋለህ።

እህትህን ቅዳሜ ገበያ አገኘኋት። ሰላምታችንን ሳንጨርስ «ያንን የምትወዱትን አጽም ሄዶ አየው እኮ» አለችኝ። ደንግጬ ማን ሞተ ልላት ነበር። ኤዲን፣ የሄቪ ሜታሉን ባንድ የአይረን ሜይደንን አጽም ምልክት፣ ማለቷ የገባኝ ቆይቶ ነው። ጎፈሬው ሜይደንን በዓይኑ አየ! እዚያው ሽንኩርት መሃል ቆሜ ሳቅኩ። ቀናሁም፣ አልዋሽህም።

ስለዚህ ይኸው እየጻፍኩ ነው። ማን ቀድሞ ዝም እንዳለ አንቆጣጠር። በ2015 ነሐሴ ዳታ ከጠፋ ወዲህ ብዙ ሰው ከብዙ ሰው ተቆራርጧል። ሲመለስም ሁሉም በየራሱ ጉዳይ ተጠምዶ ነበር። ልጅ መውለዴን ሰምተሃል መሰለኝ። ሴት ናት፤ እንቅልፍ የሚባል ነገር አታውቅም። የቀረውን ወሬ ከእህትህ ጠይቅ። እኔ ወደ ቁም ነገሩ ልግባ።

ያየኸው የሃምሳኛ ዓመታቸውን የኮንሰርት ጉዞ ከሆነ፣ ከምንከራከርበት አልበማቸው ከ«ሴንጁትሱ» አንዲት ዘፈን አልሰማህም። (የእነሱን ዓመታት በእነሱው አቆጣጠር ነው የምጽፍልህ።) በ2025 የጀመሩት ጉዞ ከመጀመሪያዎቹ ዘጠኝ አልበሞች ብቻ እንዲሆን ወስነዋል። ከ1980 እስከ 1992፣ አለቀ። አንተ መቼም ደስ ብሎህ ይሆናል። ፎቶ ቤት የሚሰበሰቡት ጓደኞቻችንም ይሄን ሲሰሙ «ባንዱ ራሱ ፈረደ» ብለው ጨፈሩብኝ። እኔ ግን አልተዋጠልኝም። ሰው በልደቱ ቀን የልጅነት ፎቶውን አውጥቶ ቢያሳይ፣ የዛሬ መልኬ አስጠላኝ ማለቱ ነው እንዴ?

«ሴንጁትሱ» በእኛ አቆጣጠር ነሐሴ 28 ቀን 2013 ዓ.ም. ሲወጣ ያልከኝን አልረሳሁም። «ሰዎቹ አርጅተዋል፤ ማሳጠር አቅቷቸዋል» ነበር ያልከው። ጆሮ ማዳመጫውንም ገና አራተኛው ዘፈን ላይ አውልቀህ ሰጠኸኝ። እርግጥ ነው፣ ቁጥሩ ያስፈራል። ሁለት ሲዲ፣ 10 ዘፈን፣ ወደ 82 ደቂቃ። መኪናው ደኅና ከሆነ በዚህ ጊዜ የጣርማ በርን ዋሻ አልፈህ ደብረ ሲና ትገባለህ።

ፎቶ ቤቱ አሁንም መሰብሰቢያችን ነው። ባለቤቱን ታውቀዋለህ። ለእሱ ሜይደን ማለት ከ1982 እስከ 1988 ነው። «ዘ ነምበር ኦፍ ዘ ቢስት» ላይ ይጀምራል፣ «ሰቨንዝ ሰን ኦፍ ኤ ሰቨንዝ ሰን» ላይ ይዘጋል። የስቲቭ ሃሪስ ቤዝ እየጋለበ፣ አብረህ የምትጮኸው አዝማች፣ አራት አምስት ደቂቃ፣ በቃ። ከ«ሴንጁትሱ» «ዴዝ ኦፍ ዘ ኬልትስ»ን ስከፍትለት «ይሄማ የ1998ቱ ‹ዘ ክላንስማን› ነው፤ ቀለም ቀብተው አመጡት» ይለኛል። ይሄን ልክድ አልችልም፣ ይመሳሰላሉ። ግን «ክላንስማን»ን ሲያመልክ የኖረ ሰው ወንድሙን ሲጠላ አይገርምም?

መምህሩ ደግሞ የሚጣላው ከድምፅ ቅንብሩ ጋር ነው። አልበሞቻቸውን የሚያዘጋጀው ኬቨን ሸርሊ ከ2000 ጀምሮ ከእነሱ ጋር ይሠራል፤ ሃሪስም እጁን ያስገባል። የሚፈልጉት ባንዱ አንድ ክፍል ውስጥ ቆሞ ሲጫወት የሚሰማ ዓይነት ድምፅ ነው። መምህሩ «ሦስት ጊታር ይዘው እንደ አንድ ያሰሙናል፤ ዲክንሰንም ከግድግዳ ጀርባ ነው የሚዘፍነው» ይላል። በስልክ ስፒከር ከሰማኸው ልክ ነው። ደህና ማዳመጫ ስታደርግ ግን ዴቭ መሪ፣ ኤድሪያን ስሚዝና ያኒክ ገርስ ተራ በተራ ሲገቡ ትለያቸዋለህ።

በዲክንሰን ድምፅ ከመጡብኝ ግን ከማንም ጋር እጣላለሁ። ሰውየው በ2015 ከምላሱ ሥር ካንሰር ታክሞ የዳነ ነው። «ዘ ቡክ ኦፍ ሶልስ» በዚያው ዓመት ቢወጣም የተቀረጸው ሕመሙ ከመታወቁ በፊት ነው። ስለዚህ ከሕክምናው በኋላ የዘፈነበት የመጀመሪያው የሜይደን አልበም «ሴንጁትሱ» ነው። በ2019 ፓሪስ ላይ ሲቀርጹት ዕድሜው 60 ነበር። የ1982ቱን ጩኸት ከዚህ ሰው መጠበቅ ነውር ነው። «ዳርከስት አወር» ላይ ወደ ታች ወርዶ ሲዘፍን ስማው። ዘፈኑ የቸርችልን ጊዜ የሚያነሳው ነው። በሃያ ዓመቱ እንዲህ አድርጎ ሊዘፍነው አይችልም ነበር።

ሁላችንም የምንስማማበት ዘፈን ካለ «ዘ ራይቲንግ ኦን ዘ ዎል» ነው፤ ያ አስቀድሞ ብቻውን የወጣው። የብልጣሶርን ግብዣና ግድግዳ ላይ የጻፈችውን እጅ ነው መነሻ ያደረገው። ዲያቆኑ ይሄን ስንነግረው «ማኔ፣ ቴቄል፣ ፋሬስ!» ብሎ ብድግ አለ። ዲያቆኑን አታውቀውም፤ አንተ ከሄድክ በኋላ የመጣ ነው። ጉርድ ፎቶ ሊነሳ ገብቶ በዚያው ቀረ። የኤዲን ፖስተር ባየ ቁጥር ያማትባል። የጊታር ሶሎ ሲጀመር ግን ወንበር ይስባል።

ልነግርህ የፈለግኩት ከዚህ ዲያቆን ጋር የተያያዘ ነው። ዳታ ጠፍቶ በከረመበት ጊዜ ዩቲዩብ የለ፣ ቴሌግራም የለ። ያለን ፍላሽ ላይ የተገኘው ብቻ ነበር። ሌላ ጊዜ ቢሆን የ12 ደቂቃ ዘፈን አንድ ደቂቃ ሳይሞላው ይታለፋል። ያኔ ግን ወዴት ታልፋለህ? ማታ ማታ ፎቶ ቤት ቁጭ ብለን «ዘ ፓርችመንት»ን ሰማን፣ መልሰን ሰማን። ባለቤቱ እንኳ ማጉረምረሙን ተወ።

አንድ ማታ ዲያቆኑ «ይሄ እኮ እየደጋገመ አይደለም፤ እየጨመረ ነው» አለ። ከዚያ አስረዳን። ማሕሌት ላይ ያው አንድ ቃል መጀመሪያ በቁም ዜማ ይባላል። ያለ ከበሮ፣ በርጋታ። ቀጥሎ በመቋሚያ ዝማሜ ይመጣል። ከዚያ ጸናጽሉና ከበሮው ገብቶ ይመረገዳል። ጽፋቱ ላይ ሲደረስ በጭብጨባ ይደምቃል። ቃሉ ያው ነው፤ ፍጥነቱና ክብደቱ ግን ሌላ ሆኗል። በር ላይ ቆሞ ለሚሰማ «ያንኑ ይላሉ» ነው። ውስጥ ላለው እያንዳንዱ ደረጃ ለየብቻው ነው። ይሄን ተናግሮ ሲያበቃ ራሱ ደነገጠ። «ቤተ ክርስቲያንን ከዚህ ጋር ማስተያየቴ አይደለም፤ ስለ አሠራሩ ነው» ብሎ አማተበ። እኛም አልነካካነውም።

አሁን «ዘ ፓርችመንት»ን በዚህ ጆሮ ስማው። በቀስታ ይጀምራል። ከዚያ ያ የምሥራቅ ቃና ያለው ከባድ ዜማ ይገባል፤ ገብቶም አይቸኩልም። ሶሎ በሶሎ ላይ ይደረባል። አንተ «በቃ፣ ገባን» እያልክ እሱ አሁንም በዚያው እርምጃ ነው። መጨረሻ አካባቢ ፍጥነቱን ሲቀይር ከወንበርህ የሚያስነሳህ ያን ሁሉ ስለጠበቅክ ነው። አምስት ደቂቃ ላይ ቢቆርጡት ያ መጨረሻ ባዶ ይሆናል። ማሳጠርማ ይችላሉ። «ዴይስ ኦፍ ፊውቸር ፓስት» አራት ደቂቃ ናት፤ ገብታ፣ መትታ ትወጣለች። አልበሙ የሚዘጋባቸውን ሃሪስ የደረሳቸውን ሦስት ዘፈኖች፣ ከ34 ደቂቃ በላይ የሚፈጁትን፣ ያስረዘማቸው አውቆ ነው።

የመጨረሻዋ «ሄል ኦን ኧርዝ» ናት። በዚህች ዘፈን ላይ ብዙ አልከራከርም። በኅዳር 2014 ከሸዋ ሮቢትና ከደብረ ሲና የተፈናቀለው ሰው ከተማውን ሲሞላው አንተም እዚሁ ነበርክ፤ ብርድ ልብስ አብረን ተሸክመናል። ያኔ ማታ ቤት ስገባ የምከፍታት እሷን ነበር። ሃሪስ ስለ እኛ ምንም አያውቅም። ስለ ዓመፅና ስለ ጦርነት ግን ሳይፎክር ያዘነበት ዘፈን ነው። ፎቶ ቤቱ ባለቤት እንኳ በዚህች ላይ አፉን አይከፍትም።

ሁሉንም እከላከላለሁ አላልኩም። «ሎስት ኢን ኤ ሎስት ዎርልድ» ዘጠኝ ደቂቃ ተኩል ናት፤ መሃሏ ላይ እኔም ሻይ ላፈላ እነሳለሁ። ለካ ማዳመጫውን ያወለቅከው እሷ ላይ ነው፤ ለዚያ ይቅር ብዬሃለሁ። «ዘ ታይም ማሽን» ባትኖር አልበሙ ምንም አይጎድልበትም። ሃሪስም ዘፈን በገባና በወጣ ቁጥር ያንኑ ለስላሳ መግቢያ ከሚያመጣ አንዳንዴ በሩን በርግዶ ቢገባ ምን ነበረበት? ስለዚህ ፍርዴን በአጭሩ ልንገርህ። ከ2000ው አልበማቸው ከ«ብሬቭ ኒው ዎርልድ» ያንሳል። ከዚያ ወዲህ ከመጡት ግን አንደኛ ነው። መምህሩ «ኤ ማተር ኦፍ ላይፍ ኤንድ ዴዝ»ን ያስቀድማል። ሊያሳምነኝ ሞክሯል፤ አልሆነለትም።

አሁን ተራው ያንተ ነው። ከበሮ መቺው ኒኮ ማክብሬን በ2023 መጀመሪያ ስትሮክ መቶት፣ እንደገና ተነስቶ ተጫውቶ፣ በ2024 መጨረሻ ሳኦ ፓውሎ ላይ ተሰናብቷል። «ሴንጁትሱ» መክፈቻው ላይ ያንን ከበሮ ሲደልቅ ሰምተሃል አይደል? አንተ ያየኸው ግን የተካውን ሲሞን ዳውሰንን ነው። እዚህ ያለነው ሁሉ በቪዲዮ ቁራጭ ነው የምንፈርደው፤ አንተ ቆመህ ሰምተኸዋል። ይቸኩላል? ከሃሪስ የቤዝ ግልቢያ ኋላ ይቀራል ወይስ ይደርስበታል? ዲክንሰንስ «ሃሎውድ ቢ ዛይ ኔም» ላይ የመጨረሻዋን ያወጣታል ወይስ ለሕዝቡ ይተዋታል?

በድምፅ አትላክልኝ፣ ጻፈው። ለፎቶ ቤቱ ጉባኤ ጮክ ብዬ ላነበው ነው፤ ዲያቆኑም ይጠብቃል። ቲሸርት ገዝተህ ከሆነ ለእኔ ኤክስ ኤል፣ ለልጅቷም ካገኘህ ትንሿን፤ ሰው ሲመጣ ላክ። እናትህን ሳምልኝ፤ ባለቤቴም ሰላም ብላሃለች።

ያንተው
ጓደኛህ