ደብዳቤ ለልጄ፦ ስለ ሲጋራው ቀረጥና ስለ ኦ ክፍሉ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ጅማ እንደምታውቂያት ናት፤ ዝናቡ አላቆመም። ትናንት አዌቱ ወንዝ ሞልቶ ስለነበር ወንድምሽን ከትምህርት ቤት አዝዬው ነው የመጣሁት።

ባለፈው ስልኩን ቶሎ የዘጋሁብሽ ተቆጥቼ አይደለም። ሱቁ ላይ ሰው ቆሞ ነበር። ለመመረቂያ ጽሑፍሽ ብለሽ ያነሳሽው ነገር ደግሞ ልቤን ነክቶኛል፤ በሰው ፊት ላወራው አልፈለግሁም። «እማዬ፣ የሲጋራ ቀረጥ ለሕፃናት ትምህርት ቢውል ምን ትያለሽ?» አልሽኝ። እኔም «የጭስ ብር ለልጅ አይሆንም» አልኩሽ። ከዚያ ወዲህ ሳወጣ ሳወርድ ሰነበትኩ። አሁን እንደዚያ አልልም።

መስኮቱ ብረት ላይ በሲባጎ ታስሮ የተንጠለጠለውን ላይተር ታስታውሺዋለሽ አይደል? ሲጋራ በፍሬ የምሸጥበት ጊዜ ነበር። ማታ ማታ የቀን ሥራ ውለው የሚመለሱት ይመጣሉ። አንድ ፍሬ ይገዛሉ፣ ላይተሩን ሳብ አድርገው ይለኩሳሉ፣ ይለቁታል። ብረቱን ቀጭ ያደርገዋል። አንቺ የቤት ሥራሽን የሠራሽው ያን ድምፅ እየሰማሽ ነው። አባትሽም ከዚያው ፓኮ ነበር የሚያነሳው። ሳሉ ሌሊት ሌሊት ግድግዳ አልፎ ለጎረቤት ይሰማ ነበር። አርባው ሳይወጣ ሲባጎውን በቢላ ቆረጥኩት። ሲጋራ መሸጥም ያኔ ተውኩ።

ስለዚህ ስለ ሲጋራ ብር ስታወሪኝ መጀመሪያ የሚታየኝ እሱ ነው። ግን ደግሞ አሰብኩት። አባትሽ ያን ሁሉ ዓመት በየፓኮው ቀረጥ ከፍሏል። የከፈለው የት እንደገባ አላየንም። ለወንድምሽ አንዲት ትንሽ ወንበር እንኳ ገዝቶ ቢሆን ኖሮ ደስ ይለኝ ነበር።

ወንድምሽ የሚማርበትን ኦ ክፍል፣ ያን ከአንደኛ ክፍል በፊት ያለውን፣ በወላጆች ስብሰባ ቀን ገብቼ አየሁት። ዴስኩ የትልልቅ ልጆች ነው። ልጆቹ ሲቀመጡ እግራቸው መሬት አይደርስም፤ አገጫቸው ጠረጴዛው ላይ ያርፋል። አንድ ዴስክ ላይ አምስት ሆነው ተጣብቀዋል። ልቆጥራቸው ጀምሬ ሰማንያ ስደርስ ተውኩት። መምህርቷ አንዲት ወጣት ናት፤ ድምጿ ዘግቷል። የምታስተምረው በጭብጨባ ነበር። ልጆቹ ሲያጨበጭቡላት እንባዬ መጣ። የግል ኬጂ እንዳልከፍል ክፍያውን ታውቂዋለሽ። አዲሱ የትምህርት ፖሊሲ ከአንደኛ ክፍል በፊት 2 ዓመት ቅድመ አንደኛ ብሏል። ጥሩ ነው። ክፍሉና ወንበሩስ ከየት ይምጣ?

የነገርሽኝ የአሜሪካዋ ግዛት የካሊፎርኒያ ነገር እዚህ ላይ ነው የገባኝ። ሕዝቡ በፈረንጆቹ 1998 ድምፅ ሰጥቶ በእያንዳንዱ ፓኮ ላይ 50 ሴንት ቀረጥ ጨመረ፤ ብሩም ገና ትምህርት ቤት ላልደረሱ ሕፃናት እንዲውል ተወሰነ። ከዚያ ውስጥ 80 በመቶው ወደየአካባቢው ይወርዳል፤ የሚከፋፈለውም እዚያ በተወለዱት ልጆች ቁጥር ልክ ነው። ይቺን ነገር ወደድኳት። ልጁ ድርሻውን ይዞ ይወለዳል ማለት ነው። ሌላዋ ግዛት አሪዞናም በፈረንጆቹ 2006 በፓኮ 80 ሴንት ጨመረች። ኮሎራዶም በ2020 ስለ ሲጋራ ቀረጥ ድምፅ ሰጥታ፣ ከ2023 ጀምሮ ብሩን ለሕፃናቱ ትምህርት እያዋለችው ነው።

እኛ አገር በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ አዋጅ በሲጋራ ላይ 30 በመቶ፣ በዚያ ላይ ደግሞ በፓኮ 8 ብር ጥሎ ነበር። ያኔ ገና እሸጥ ስለነበር አስታውሰዋለሁ። ሦስት ፍሬ ይገዙ የነበሩት ወደ አንድ ወረዱ። ለነሱ ጥሩ ሆነ። አንዳንዱ ግን የማስጠንቀቂያ ሥዕሉ የሌለበትን የኮንትሮባንድ ፓኮ ፍለጋ ሄደ። ያኛው ቀረጥም የለው፣ ማስጠንቀቂያም የለው። በጽሑፍሽ ይህን እንዳትዘይው። ኬላው ላይ ቁጥጥር ከሌለ ለልጅ የታሰበው ብር በጫካ መንገድ ያልፋል።

አንድ ሌላ ነገር አለ፤ ሌሊት እንቅልፍ የነሳኝ እሱ ነው። ካሊፎርኒያ ውስጥ ሰዉ ማጨስ ሲቀንስ ብሩም አብሮ እየቀነሰ ሄደ ብለሽኛል። እኔ ሱቅ ውስጥ ያረጀሁ ሰው ነኝ። እያለቀ በሚሄድ ዕቃ የዓመት ኪራይ አይከፈልም። ስለዚህ በሲጋራው ብር ክፍል ይሠራበት፣ ዴስክ ይገዛበት፣ ለትንንሾቹ የሚሆን ሽንት ቤት ይሠራበት። እነዚህ አንዴ ከተሠሩ ይቆያሉ። የመምህርቷ ደመወዝ ግን ከመደበኛው በጀት ይሁን። አንድ አባት ማጨስ በተወ ቁጥር የሷ እንጀራ መቀነስ የለበትም። ያቺ ልጅ ሰዉ ሁሉ ሲጋራ ቢተው ከልቧ ደስ እንዲላት እፈልጋለሁ።

የአማካሪሽ መምህር ምን እንደሚሉ አላውቅም፤ እኔ ግን በዚህ አልለቅም። ሲጋራው ላይ ቀረጥ ይጨመር፣ ብሩ የራሱ ሣጥን ይኑረው፣ ሣጥኑ ውስጥ ስንት እንደገባና ለየትኛው ትምህርት ቤት እንደወጣ በየዓመቱ ቀበሌው ግድግዳ ላይ ይለጠፍልን።

ወንድምሽ ስሙን መጻፍ ጀምሯል። ከወረቀቱ ጀርባ ያለው የሱ ነው፤ አንዷን ፊደል ገልብጧታል፣ እንዳለች ተውኳት። የተቆላ ቡና በነገው መኪና ልኬልሻለሁ፤ መናኸሪያ ሄደሽ ተቀበይ።

ስለ አባትሽ ልጻፍ ወይ ብለሽ ጠይቀሽኝ ሳልመልስልሽ ቀርቻለሁ። ጻፊ። ሳሉንም ጻፊው።

እናትሽ
ከጅማ