ከሌላ መኪና የወጣ ወንበር ስለማስገጠም ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ውድ ደንበኞቻችን፣ እንደምን ሰነበታችሁ።

ሰሞኑን ደጋግማችሁ የምትጠይቁን ነገር አለ፣ ወንበሩን እኔው ገዝቼ አምጥቼላችኋለሁ፣ አራት ብሎን ለማሰር ለምንድነው ይሄን ያህል ቀን የምትይዙት የሚል። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ስለዚ ስራውን እንዴት እንደምንሰራው፣ የቱ ጋ ደግሞ እምቢ እንደምንል በግልጽ ልንጽፍላችሁ ወሰንን።

ሃሳቡን በጣም ነው የምንወደው፣ እሱን መጀመሪያ እወቁልን። ለምሳሌ ኤምጂቢን እንይ፣ እ.ኤ.አ. ከ1962 እስከ 1980 የተሰራ ትንሽ የእንግሊዝ ስፖርት መኪና ነው፣ በብዙዎቹ ወንበር ላይ ከስፖንጁ ስር የተወጠረ ላስቲክ አለ፣ ያ ላስቲክ እድሜ ሲጫነው ይረግባል ከዛም ይቀደዳል፣ ያኔ ሰው የሚቀመጠው ስፖንጅ ላይ ሳይሆን ብረት ላይ ነው ማለት ይቻላል፣ ሁለት ሰአት የነዳ ሰው ወገቡ ይነግረዋል። የቆዩት ላይ ደግሞ የራስ መደገፊያ የለም፣ ከኋላ ከተመታችሁ አንገታችሁን የሚይዝ ምንም ነገር የለም። ለዚህ ነው እ.ኤ.አ. በ1989 የወጣው የመጀመሪያው ማዝዳ ሚያታ የተባለው ትንሽ የጃፓን መኪና ወንበር በነዚህ ትናንሽ መኪኖች ባለቤቶች ዘንድ የተወደደው፣ ጠባብ ነው፣ ራስ መደገፊያውም ከጀርባው ጋር አንድ ላይ የተሰራ ነው። እኛም አብዛኛውን ጊዜ እሱን ነው የምንመክረው።

ግን ወንበሩ ገባ ማለት ተገጠመ ማለት አይደለም። የሚያታው ሃዲድ፣ ማለትም ወንበሩ ወደፊትና ወደኋላ የሚንሸራተትበት ብረት፣ እግሮቹ ለራሱ መኪና ወለል ተብለው የተጣመሙ ናቸው፣ በኤምጂቢው ወለል ላይ እኩል አይቀመጡም፣ ስለዚ እግሮቹ ይነሱና ከወፍራም ላሜራ ማያያዣ እንሰራለን፣ ማያያዣውም የሚታሰረው በመኪናው በራሱ አራት ቀዳዳ ነው። አዲስ ቀዳዳ ወለሉ ላይ አንከፍትም፣ ነገ ሃሳባችሁን ብትቀይሩ ወይ መኪናውን ብትሸጡ የድሮው ወንበር ተመልሶ መግባት አለበት ብለን እናምናለን።

ብሎኑ ራሱ ጊዜ ይወስዳል። የዛን ጊዜ የእንግሊዝ መኪና የብሎኑ ጥርስ በኢንች ነው፣ 5/16 ኢንች ማለት 7.94 ሚሊ ነው፣ ስለዚ ባለ 8 ሚሊ ብሎን አምጥታችሁ ብትሞክሩ አንድ ሁለት ዙር በእጅ ይገባና ይጠብቃል፣ የገባ ይመስላል፣ በመፍቻ ከገፋችሁት ግን ጥርሱን ይላጨዋል። አንድ ደንበኛ በዚህ አይነት የታሰረ ወንበር ይዞ መጥቶ በእጃችን ነቅንቀን ነው ያወጣነው፣ እንደዛ ሆኖ ስንት ቀን ተነድቷል! ወለሉም የበሰበሰ ከሆነ መጀመሪያ ብየዳው ይቀድማል፣ የዛገ ላሜራ ላይ ጥሩ ወንበር አናስርም።

ያገለገለ ወንበር ስትገዙ ደግሞ መኪናው ለምን እንደፈረሰ ጠይቁ። በቅርቡ አንድ ወንበር ገብቶልን ነበር፣ ቆዳው ንጹህ፣ ስፌቱ አንድ ቦታ አልተተረተረም፣ ገልብጠን ስናራግፈው ከሃዲዱ ውስጥ እንደ ጨው ድንጋይ ያሉ የመስታወት ፍርፋሪዎች ወረዱ፣ የጎን መስታወት ሲሰበር እንደሱ ነው የሚሆነው። ከዛ ጠፍጣፋ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥነው፣ ሶስት እግሩ ጠረጴዛውን ነክቶ አራተኛው የሳንቲም ውፍረት ያህል ተንጠለጠለ። ተቀምጠንበት ሃዲዱን ስናንሸራትተው በአንድ በኩል ብቻ ነው የሚቆልፈው፣ ፍሬን ስትይዙ ወንበሩ ወደፊት ተወርውሮ ከመሪው ጋር ሊያጋጫችሁ ይችላል ማለት ነው። ባለቤቱ በጣም አዘነ፣ እኛም አዘንን፣ ግን መለስነው።

በጎኑ ኤርባግ፣ ማለትም በግጭት ጊዜ የሚነፋ ከረጢት፣ ያለውን ወንበር ደግሞ ምንም ቢሆን አንገጥምም። ኤርባጉ የሚሰራው ከወጣበት መኪና ሴንሰርና ኮምፒውተር ጋር ነው፣ የናንተ መኪና ላይ ሲያስፈልግ አይፈነዳም፣ ውስጡ ያለው ፈንጂ ግን አሁንም ያለ ነው። ከስር ቢጫ ሶኬት ካያችሁ እሱ ነው፣ ሽቦውን በቴስተር ለመለካት እንዳትሞክሩ፣ ከመኪናው ላይ ራሳችሁ ልትፈቱ ከሆነም መጀመሪያ ባትሪውን ንቀሉና ደቂቃዎች ጠብቁ።

ሲት ቤልቱን በተመለከተ፣ አንዳንድ አዳዲስ መኪና ላይ መቆለፊያው የሚታሰረው ከወንበሩ ጋር ነው፣ ያን እንዳለ ከገጠምነው በግጭት ጊዜ የሰውዬው ክብደት በሙሉ በኛ ማያያዣ ላይ ያርፋል፣ እሱን አናደርግም፣ ቤልቱ በመኪናው በራሱ ቦታ ላይ ይቀራል።

የቀረው ከፍታ ነው፣ ብዙ ሰው የሚረሳውም እሱን ነው። የአዲሱ ወንበር ስፖንጅ ወፍራም ስለሆነ ከፍ ያደርጋችኋል፣ አይናችሁ ከፊት መስታወቱ የላይኛው ፍሬም ጋር እኩል ይሆናል፣ መሪው ጭን ይነካል፣ የሸራ ጣሪያው ሲዘጋ ጸጉር ያሻል። ስለዚ ከስር ስፖንጁን በስሱ እየቆረጥን እናስቀምጣችኋለን፣ አንስተን ደግሞ እንቆርጣለን፣ ለዚህ ነው ሁለት ሶስቴ ኑ የምንላችሁ፣ በሌላ ሰው ቁመት ለክተን ልንሰራላችሁ አንችልም። ስትመጡ ስትነዱ የምታደርጉትን ጫማ አድርጋችሁ ኑ፣ የፔዳሉ ርቀት በሱ ይለያያል።

ወንበር ከመግዛታችሁ በፊት ወንበሩ በጣም ሰፊ የሆነበትን ቦታ ስፋት፣ ከስሩ የሃዲዱን ፎቶ፣ ሶኬት ካለም የሶኬቱን ፎቶ ላኩልን፣ አይተን በእለቱ እንነግራችኋለን። የድሮውን ወንበር ደግሞ እባካችሁ አትጣሉት፣ ከነብሎኑና ከስሩ ካሉት የእንጨት ማስደገፊያዎች ጋር በጨርቅ ጠቅልለን እንመልስላችኋለን፣ ደረቅ ቦታ አስቀምጡት።

ከአክብሮት ጋር፣
የጋራዡ ሰራተኞች