አንኮበርና አርባራ በአንድ ቀን ጥድፊያ አይጎበኙም

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ባለፈው ጥቅምት ወር እኔና ሁለቱ ልጆቼ ከሌሎች ዘጠኝ መንገደኞች ጋር ለአንድ አስጎብኚ ድርጅት ከፍለን፣ ከደብረ ብርሃን በማለዳ ተነሥተን የቀድሞውን የሸዋ ነገሥታት መቀመጫ አንኮበርንና የአርባራ መድኃኔዓለምን ዋሻ በአንድ ቀን ለማየት ሄደን ነበር። መንገዱ ያምራል፤ በደጋው ጉም ውስጥ ጅብራው ቆሞ ሲታይ ልብ ያሳርፋል። ሆኖም ያየሁት ነገር እስከ ዛሬ ስለሚቆረቁረኝ ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ተገድጃለሁ።

አንኮበር ኮረብታ ላይ የተሰጠን ጊዜ ግማሽ ሰዓት ነበር። አስጎብኚው ወጣት ትሑትና ታታሪ ቢሆንም፣ ከተረፈው ግድግዳ ፊት አቁሞን «የምኒልክ ቤተ መንግሥት ይህ ነበር» ካለ በኋላ የሚጨምረው አልነበረውም። በእርሱ አልፈርድም፤ ያስተማረው የለም። ነገሩ ግን ከግድግዳው ይልቅ ከኋላችን ባለው ገደል ላይ ነበር። ከብት የሚጠብቁ አንድ አባት ልጄን ወደ ምሥራቅ አዙረው፣ በበትራቸው ቁልቁል እያመለከቱ፣ «አልዩ አምባ በዚያ ታች ነው፤ የድሮ ሲራራ ነጋዴ ከታጁራ ወደብ በረሃውን አቋርጦ እዚያ ካረፈ በኋላ ነው ሽቅብ የሚወጣው» አሏት። የሸዋ ነገሥታት ይህን ከፍታ ለምን እንደመረጡ ልጄ የገባት ያኔ ነው። የእንግሊዙ መልእክተኛ ሃሪስ እ.ኤ.አ. በ1841 ከንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ጋር ለመዋዋል የመጣው በዚሁ በታጁራ መንገድ መሆኑን፣ የንጉሡ ዘመዶች ለዙፋኑ እንዳይነሡ የሚታሰሩበት ጎንቾም በዚያው አገር መሆኑን፣ ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1865 ከመቅደላ አምልጠው የአባታቸውን መንግሥት ሊይዙ ወደዚሁ ሸዋ መመለሳቸውን ቆሞ የሚያስረዳ ሰው ቢኖር ኖሮ፣ ግማሽ ሰዓት ለመግቢያም ባልበቃ ነበር።

አርባራ ስንደርስ ፀሐይ አዘቅዝቃ ስለነበር ሁሉም ተጣደፈ። ዋሻው ውስጥ ሥጋቸው ደርቆ ሳይፈርስ ለዘመናት የቆዩ አስከሬኖች አሉ። ካህኑ ጧፍ አብርተው በዝግታ ሲያሳዩን፣ አንድ ጎብኚ ጎንበስ ብሎ አንዱን አስከሬን በጣቱ ነካ፤ ሌላው የስልኩን መብራት በአስከሬኖቹ ፊት ላይ አበራ። ካህኑ ምንም ሳይናገሩ ጧፉን ወደ ራሳቸው ሳብ አደረጉት። እነዚያ ሰዎች እኮ የአንድ ቤተ ሰብ አባቶችና እናቶች ነበሩ! ከመግባታችን በፊት «እዚህ የተኛው ሰው ነው፤ አይነካም፣ ፎቶም ያለ ፈቃድ አይነሣም» የሚለን ቢኖር ኖሮ ያ እጅ ባልተዘረጋ ነበር፤ ይህን ደግሞ ለመናገር ብዙ ትምህርት አያስፈልግም።

ስለዚህ የሚመለከታቸው አካላት ሁለቱን ቦታዎች በአንድ ቀን አጨናንቆ ማስጎብኘት እንዲቀር፣ ለአንኮበርም ለአርባራም የየራሳቸው ሙሉ ቀን እንዲመደብ እጠይቃለሁ። አስጎብኚዎችም ከመሰማራታቸው በፊት ቢሠለጥኑ መልካም ነው፤ የደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ የታሪክ መምህራን በዚህ ቢረዱ ደስ ይለኛል። ከሁሉ በፊት ግን የአካባቢው ሽማግሌዎች የሚያውቁትን እንዲናገሩ በክብር ይጋበዙ፤ ለድካማቸውም ከጎብኚው ክፍያ ድርሻ ይኑራቸው። የእኚያን አባት ትረካ እኛ በነጻ ሰምተን ነው የወረድነው፤ ልጄ ግን ቤት ገብታ በደብተሯ የጻፈችው የእሳቸውን ቃል ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ ጡረተኛ መምህር
ከደብረ ብርሃን