አሸዋ ውስጥ የገባች ኳስ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ባለፈው እትማችሁ የቪዲዮ ጌም ተጫዋች ሲበላሽበት ከመጀመሪያው ስለሚጀምር ምንም አይማርም የሚል ጽሑፍ ወጥቶ አነበብኩ። በዚህ አልስማማም።

ሙያዬ ቅየሳ ነው፤ ተዳፋት ስለካ ሃያ ሁለት ዓመት ሆነኝ። ወንድሜ ለልጆቼ ፕሌይስቴሽን 5 ሲያመጣላቸው እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው የኢኤ ስፖርትስ ፒጂኤ ቱር የጎልፍ ጌም አብሮ ነበር። ልጆቹ እግር ኳሱን ያዙ፣ ጎልፉ ለእኔ ቀረ። እውነተኛ የጎልፍ ሜዳ ረግጬ አላውቅም፤ መሬቱን ግን ወዲያው አወቅሁት። ኳሷ ከእግሬ ከፍ ብላ ካረፈች ወደ ግራ ትጠመዘዛለች፣ ዝቅ ካለች ወደ ቀኝ ትሸሻለች። ረጅም ሳር ውስጥ ከገባች ደግሞ ሳሩ በዱላውና በኳሷ መሀል ይገባና ጉልበቷን ይበላዋል፤ መሬት ስትነካም ቶሎ አትቆምም፣ ትንከባለላለች።

አንድ ቅዳሜ ማታ ስኮትላንድ ያለውን የሴንት አንድሩስ አሮጌውን ሜዳ እየተጫወትኩ 17ኛው ቀዳዳ ላይ ደረስኩ። ከግሪኑ፣ ማለትም ቀዳዳውና ባንዲራው ካሉበት አጭር ሳር፣ በስተግራ ሣር እንደ ጡብ ተደራርቦ የተገነባ ግድግዳ ያለው የአሸዋ ጉድጓድ አለ። እ.ኤ.አ. በ1978 ጃፓናዊው ጎልፈኛ ናካጂማ በሁለት ምት ግሪኑ ላይ ከደረሰ በኋላ ኳሱ ተንከባሎ እዚያ ገባበት፤ ለመውጣት አራት ምት ፈጀበት፣ ቀዳዳውን የጨረሰው በዘጠኝ ነው። የእኔም ሁለተኛ ምት እዚያው ግድግዳ ሥር ተጣበቀ። ባንዲራው ቅርብ ስለሆነ ሦስት ጊዜ ወደሱ መታሁ፤ ሦስቱንም ጊዜ ግድግዳው መለሰልኝ። የምጎትተው የጣት መቆጣጠሪያ በላብ ይንሸራተት ጀመር። ትንሹ ልጄ፣ «አባዬ፣ በቃ እንደገና ጀምረው» አለኝ።

እንቢ አልኩ። ባንዲራውን ትቼ ግድግዳው ዝቅ ወዳለበት ወደ ኋላ ዞርኩና ኳሷን ሳሩ ላይ ብቻ አወጣኋት። ከዚያ አንድ አጭር ምት፣ ወደ ቀዳዳው አንድ ግፊት። በአራት ማለቅ የሚገባው በስምንት አለቀ፤ ስምንቱ ግን የእኔ ነው፣ አልሰረዝኩትም።

ሁልጊዜ ወደ ኋላ መምታት ይሻላል ማለቴ አይደለም። አሜሪካዊው ጎልፈኛ ፊል ሚክልሰን እ.ኤ.አ. በ2010 ማስተርስ በተባለው ትልቅ የጎልፍ ውድድር በ13ኛው ቀዳዳ ከጥድ ቅጠል ላይ፣ በሁለት ዛፎች መሀል፣ 190 ሜትር ገደማ መትቶ ባንዲራው አጠገብ አሳረፋት፤ ውድድሩንም አሸነፈ። ከእሱ ኳስ ፊት ግን ግድግዳ አልነበረም፤ ክፍተት ነበር። እኔም ያንን ምት ስድስት ጊዜ ሞክሬ አራቱ ግንድ መተውብኛል፣ አንዱ ከግሪኑ ፊት ያለው ጅረት ውስጥ ገባ። ስድስተኛዋ አለፈች። ያን ዕለት ከልጄ ጋር ጮኸን ጎረቤት ቀሰቀስን።

አሁን ልጄ ራሱ፣ ኳሷ ስታርፍ ባንዲራውን ከማየቱ በፊት፣ «አባዬ፣ ምን ላይ ናት?» ብሎ ይጠይቀኛል። የጽሑፉ ባለቤት ፈቃዳቸው ቢሆን፣ እንደገና መጀመር ሳይኖር 17ኛውን ቀዳዳ አብረን እንድንጫወት በአክብሮት እጋብዛቸዋለሁ። ቅዳሜ ማታ ቤት ነኝ።

ከአክብሮት ጋር
ቀያሽ አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ