«ማን ይለብሰዋል?» ላልሽኝ

ውዷ ጓደኛዬ፣

እንደምን ከረምሽ? ለጤናሽ ደህና ነሽ ወይ? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። እማዬም ደህና ናት፤ ብርዱ ሲጠና ጉልበቷን ያማታል እንጂ። ደሴ እንደምታውቂያት ናት። ጧት ጧት ጦሳ ተራራ ጉም ለብሶ ይነሳል። ፀሐይ እስክትወጣ ሰው ሁሉ ጋቢውን ደርቦ ነው የሚታየው።

ዝም ካልኩሽ አራት ዓመት ሊሞላ ነው። ለምን እንደሆነ በግልጽ ልንገርሽ። ሰኔ 2014 መናኸሪያ ልሸኝሽ መጥቼ፣ ሻንጣሽ ከተጫነ በኋላ፣ የለበስኩትን ጃኬት ከላይ እስከ ታች አየሽና «ቆይ ግን፣ ደሴ ላይ ይሄን ማን ይለብሰዋል?» አልሽኝ። በክፋት እንዳላልሽው አሁን አውቃለሁ። ያን ቀን ግን ሆድ ባሰኝ። ስትደውዪ አላነሳሁም። መልእክትሽን አንብቤ ዝም አልኩ። ሲቆይ ደግሞ እፍረት መጣ፤ ምን ብዬ ልጀምር? ይቅርታ አድርጊልኝ። ጥያቄሽ ግን ከጭንቅላቴ ወጥቶ አያውቅም። ዛሬ የምጽፍልሽ መልሱን ስላገኘሁ ነው።

ኮምቦልቻን ታስታውሺያለሽ? የኢንዱስትሪ ፓርኩ ሐምሌ 2009 ተመርቆ፣ ስፌት የሚችል ሁሉ ወደዚያ ሲወርድ እኛም ተከትለን ወረድን። አራት ሆነን አንድ ክፍል ተከራየን። አንቺ እጅጌ፣ እኔ የግራ ኪስ። ሁለት ዓመት ከመንፈቅ የግራ ኪስ ብቻ! በሰዓት ይሄን ያህል ኪስ ተብሎ ታርጌት ይሰጠን ነበር። አንድ ቀን ምሳ ላይ «እስካሁን አንድ ሙሉ ሱሪ ሰፍቼ አላውቅም» ስልሽ፣ «እኔ ደግሞ የምሰፋውን ማን እንደሚለብሰው አላውቅም» አልሽኝ። ይቺን ንግግርሽን እስከ ዛሬ ይዣታለሁ።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። ያንን ጥቅምትና ኅዳር አብረን አየነው፣ አልደግመውም። ከተማው ተረጋግቶ ወደ ሥራ እንመለሳለን ስንል ታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ኢትዮጵያ አጎዋ ከሚባለው የአሜሪካ የንግድ ዕድል ተሰረዘች። ወደ አሜሪካ ያለ ቀረጥ መላክ ሲቀር ትእዛዝም ቀረ። እኛም ተሰናበትን። ስለ ፋብሪካው ክፉ አላወራም። እጄን ያፍታታው እሱ ነው። ዛሬ ቀጥ ያለ ስፌት ሳላይ እሰፋለሁ። የግራ ኪስማ ተኝቼም አልስተው።

በታኅሣሥ 2015 እንግሊዛዊቷ የልብስ ዲዛይነር ቪቪያን ዌስትውድ መሞቷን ስሰማ መጀመሪያ ትዝ ያልሽኝ አንቺ ነሽ። ኮምቦልቻ ማታ ማታ መብራት ሲጠፋ የእሷን ፎቶ በስልክሽ ታሳዪን ነበር። የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ የነበረች ሴት፣ እ.ኤ.አ. በ1971 ለንደን ኪንግስ ሮድ ቁጥር 430 ላይ ከአጋሯ ከማልኮም ማክላረን ጋር ሱቅ ከፍታ፣ የሰፋችውን እዚያው እንደሸጠች የነገርሽኝ አንቺ ነሽ። የተቀደደ ሸሚዝ በመርፌ ቁልፍ አያይዞ መልበስ! «ይሄ እኮ እኛ ቤት ድህነት ነው የሚባለው» ብዬሽ፣ «እሷ ግን መርጣ ነው ያደረገችው» አልሽኝ። ዜናውን እንዳየሁ ልደውልልሽ ስልኬን አንስቼ መልሼ አስቀመጥኩት።

አሁን ስለ ልብሱ ላውራሽ።

መናኸሪያ ያየሽው ጃኬት ከአቡጀዴ የተሰፋ ነበር። ነጩን ሰፍቼ ከጨረስኩ በኋላ ጥቁር ቀለም ውስጥ ነከርኩት። ጨርቁ ሲጠቁር ክሩ ነጭ ሆኖ ቀረ። ጨርቁ ጥጥ ነው፣ ክሩ ፖሊስተር ነው፤ የጥጥ ቀለም ፖሊስተርን አይይዝም። ይሄን አላውቅም ነበር። መጀመሪያ ተበላሸ ብዬ አለቀስኩ። ሲደርቅ ግን ስፌቱ በሙሉ ወጥቶ ታየ። ትከሻው የት እንደተያያዘ፣ ኪሱ በስንት መስመር እንደተሰፋ፣ ሁሉም በነጭ ተጽፏል። ፋብሪካ ውስጥ የምንደብቀው ስፌት እዚህ ልብሱ ራሱ ሆነ። ከዚያ ወዲህ ሆን ብዬ ነው የምሠራው።

ቀጥሎ ወደ ነጠላና ጋቢ ገባሁ። ከቤት ቤት ያረጀ እየገዛሁ ነው። ከመንከሬ በፊት ከጥለቱ አንድ ክር መዝዤ በክብሪት አቃጥላለሁ። እንደ ወረቀት ነዶ አመድ ከሆነ ጥጥ ነው፣ ከጨርቁ ጋር ይጠቁራል። ቀልጦ እንደ ዶቃ ከደረቀ ሰው ሠራሽ ነው፣ ቀለሙን እንደያዘ ይቀራል። ጥቁር ነጠላ ላይ ቀይና ቢጫ ጥለት ብቻውን ሲበራ ብታዪው! ሸማ ደግሞ በመቀስ ሲነካ ይተረተራል። ስለዚህ የምቆርጥበትን መስመር ቀድሜ በመኪና እሰፋና ከጎኑ እቆርጣለሁ። ይሄን እስክደርስበት ሁለት ጋቢ ሙሉ በሙሉ አበላሽቻለሁ።

ያስጨነቀኝ ጥቁርነቱ ነበር። የመጀመሪያው ደንበኛዬ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው። ጃኬቱን ለብሶ ቤት ሲገባ እናቱ «ማን ሞቶብህ ነው?» አሉት። በነጋታው እኔ ጋ መጡ፣ ተቆጥተው። ጃኬቱን ገለባብጠው አዩና ጣታቸውን ኮሌታው ላይ አሳረፉ። ጥለቱን አንገት ላይ ነበር ያደረግኩት፣ ስለሚያምር። «ልጄ፣ ጥለት ወደ ላይ የሚሆነው ለለቅሶ ነው። ይሄን አታውቂም?» አሉኝ። አውቃለሁ! ነጠላ ስለብስ አውቀዋለሁ። ጃኬት ስቆርጥ ግን ረሳሁት። ጥለቱን ፈትቼ ታች ጠርዙ ላይ አደረግኩት፤ ገንዘብም አልጠየቅኩም። እሳቸው ጥቁሩን እስከ ዛሬ አልወደዱትም። እኔ ግን ያስተማሩኝን አልረሳም።

ከወራት በኋላ አንዲት ልጅ መጣች። ወንድሟን በጦርነቱ አጥታለች። «ጥለቱን አንገቱ ላይ አድርጊልኝ» አለችኝ። ለምን ብዬ አልጠየቅኩም። አንድ ብቻ ሰፋሁ፤ ሁለተኛ እንደሱ አልሠራም።

የኛ ወሎ ደግሞ ታውቂዋለሽ፤ አንድ ቤት ውስጥ ቤተ ክርስቲያን የምትሄድና መስጊድ የምትሄድ አያት አሉ። ለአንዷ ጥቁር ሐዘን ነው፣ ለአንዷ የዘወትር አባያ ነው። ሂጃብ የምትለብስ የፋርማሲ ሠራተኛ እስከ ቁርጭምጭሚት የሚደርስ፣ ሰፊ ኮፍያና አራት ትልልቅ ኪስ ያለው ካፖርት አሠራችኝ። «የምለብሰው ሁሉ ኪስ የለውም» አለችኝ። አሁን አምስት ጓደኞቿ ተመሳሳዩን ይዘዋል። አንድ የባጃጅ ሹፌር ከአሮጌ ጂንስና ከጋቢ ያጣመርኩትን ለብሶ ፒያሳን ሲዞር ይውላል። ጋቢው ከውስጥ ገበር ነው፣ አራት ድርብ፣ የጧቱን ብርድ አያስገባም። ይኸውልሽ፣ ማን እንደሚለብሰው በስም አውቃለሁ።

ጥቁሩን መንከር ብቻ አልበቃኝ ሲል ሸማኔ ፈለግኩ። ሰፈራችን ያሉት ጋሼ መጀመሪያ እምቢ አሉኝ። ጥቁር ድር ዓይን ያደክማል፤ ክር ሲበጠስ አይታይም። እውነታቸውን ነው። አሁን ጥቁሩን የሚሠሩት ከረፋዱ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ብቻ ነው፣ መቀመጫቸውን ወደ በሩ አስጠግተው። ድሩ ጥቁር፣ ማጉ ነጭ ሲሆን የደሴን ጉም የመሰለ ግራጫ ይወጣል። ሞዴሏ ሊያ ከበደ እ.ኤ.አ. በ2007 ለምለም የተባለውን የልብስ ድርጅቷን ስትጀምር የሸማኔዎች ሥራ ገበያ እንዲያገኝ ብላ ነው ይባላል። ጋሼም የሚሉት ይሄንኑ ነው፤ ከበዓል በዓል ብቻ እየሸጡ መኖር ከብዷቸዋል።

ገንዘቡን ሳልነግርሽ አልለፍ። የመጀመሪያውን ጃኬት በ900 ብር ሸጥኩት። ቁጭ ብዬ ሳሰላው ጋቢው፣ ቀለሙ፣ ዚፑና ክሩ ብቻ ከዚያ በላይ ነበር። የሁለት ቀን ጉልበቴን አልቆጠርኩትም። አሁን ከ4,500 ብር በታች አልሰጥም፤ ተወደደ የሚል ይሄዳል። ቴሌግራምና ቲክቶክ ላይ እለጥፋለሁ፣ ክፍያው በቴሌብር ይገባል፣ የአዲስ አበባውን 400 ኪሎ ሜትር በአውቶቡስ እልከዋለሁ። ከአንድ ቅድ ከሰባት በላይ አልሠራም። ባለፈው ዓመት አንዱን ዲዛይኔን ፎቶ አንስተው በርካሽ ፖሊስተር አሠርተው ሸጡት። በጣም ተናደድኩ። አሁንም ሳስበው ያመኛል። እነሱ የሸጡት ላይ ነጩ ስፌት የታተመ መስመር ነው እንጂ ስፌት አይደለም!

ሁልጊዜ እንዲህ አይደለም። ውሃ ሲጠፋ አልነክርም፣ መብራት ሲጠፋ አልሰፋም። አንዳንድ ወር ኪራይ ይጎድለኛል። ግን ጧት ተነስቼ ምን እንደምቆርጥ የምወስነው እኔ ነኝ።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ኮምቦልቻ ክፍላችን ጥለሽው የሄድሽው ነጠላ እኔ ጋ ነው። አጥቤ አስቀምጬዋለሁ። ከጥለቱ አንድ ክር መዝዤ አቃጠልኩ፤ ቀልጦ ዶቃ ሆነ። አረንጓዴው አረንጓዴ እንደሆነ ይቀራል ማለት ነው። ሳልጠይቅሽ ግን አልነክረውም። እሺ ካልሽኝ ጃኬት አደርገዋለሁ፣ ጥለቱን ወደ ታች። የትከሻሽን ልክና የእጅሽን ርዝመት ላኪልኝ። ከዚያ ወዲህ ከስተሽም ወፍረሽም ሊሆን ይችላል፤ የድሮውን ልክሽን አምኜ አልቆርጥም። ሜትር ከሌለሽ በገመድ ለክተሽ፣ ገመዱን በሚመጣ ሰው ላኪልኝ።

ያንቺው፣
ከቧንቧ ውሃ፣ ደሴ