ይድረስ ለእህት ዓለም

እንዴት ነሽ? ልጆቹስ ደህና ናቸው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ሦስት ዓመት ሙሉ ዝም ብዬ ዛሬ ብዕር ያነሣሁት ቸግሮኝ ነው፤ አንቺ ከምትደርሽበት ብዬ ራሴ ነገርሁሽ። ለእናትሽ ሐዘን ሳልደርስ የቀረሁት አባዬን ሆስፒታል አስተኝቼ ስለነበር ነው። ከዚያ አርባቸው አለፈ፤ ከዚያ በምን ዓይኔ፣ በምን አፌ እያልሁ ወራቱ ተደራረቡ። ይቅር በይኝ። ስንገናኝ ተላቅሰን ይወጣልን ይሆናል።

የአባዬ ቶዮታ ዲኤክስ መኪና ቁልፍ ጠፋብኝ።

የጠፋው በጥምቀት ዕለት ነው። መኪናዋን ከጥምቀተ ባሕሩ ራቅ አድርጌ አቆምሁና ቁልፉን በነጠላዬ ጫፍ ቋጥሬ ገባሁ። ውኃው ተባርኮ መረጨት ሲጀምር እዚያ ቦታ ሰው በራሱ እግር እንደማይቆም ታውቂያለሽ። ስወጣ ቋጠሮው ተፈትቷል። እስኪመሽ ጎንበስ ብዬ ፈለግሁ፤ በድምፅ ማጉያ አስነገርሁ። በማግሥቱም ሚካኤል ሳይነሣ ማልጄ ሄጄ ግንቡን አቅፈው የወረዱትን የዛፍ ሥሮች አንድ በአንድ በጣቴ ዳሰስሁ። የለም።

መሪው ተቆልፏል። ቁልፉን ነቅለሽ መሪውን ትንሽ ስታዞሪው ቀጭ ብሎ የሚይዘው ብረት አለ አይደል? ጎማዎቹ ወደ ቀኝ እንደዞሩ ቀሩ፤ በገመድ መጎተት አልተቻለም። በመጨረሻ ክሬን መጥቶ ፊቷን አንሥቶ በኋላ ጎማዎቿ እያንከባለለ ግቢ አስገባልኝ። ከአንድ ጋራዥ የተላከልኝ ልጅ ደግሞ ሰላምታውን ሳይጨርስ ካቻቢቴውን የቁልፉ ቀዳዳ ውስጥ ሰክቶ በፒንሳ ሊጠመዝዘው ሲል እጁን ያዝሁት። እንዲህ ያለ ንዴት በውስጤ እንዳለ አላውቅም ነበር። ቀዳዳው አፍ ላይ አንድ አዲስ ጭረት ትቶ ሄደ፤ ባየሁት ቁጥር ሆዴን ይቆርጠኛል።

ከዚያ አባዬን የሚያውቁ አንድ አዛውንት መካኒክ አዘዞ ድረስ ሄጄ ለመንሁ። መጡልኝ። መጀመሪያ የባትሪውን ኔጌቲቭ ፈቱ። ቀጥለው የመሪውን ዘንግ የሚሸፍነውን ፕላስቲክ ለሁለት ከፍተው አወረዱና «ነይ፣ እይ» አሉኝ። እኛ አንድ ነገር የሚመስለን ኳድሮ፣ የሞተር ማስነሻው ቁልፍ የሚሰካበት፣ ለካ ሦስት ነገር ነው። ከኋላ ገመዶቹ የሚገቡበት የኤሌክትሪክ ማብሪያው አለ፤ እርሱ ጤነኛ ነው። መካከል ላይ መሪውን የሚይዘው ብረት ከነቤቱ አለ። ከፊት ቁልፉ የሚገባበት ሲሊንደር አለ፤ ውስጡ ስስ ስስ የናስ ቅጠሎች በጥቃቅን ሞላ ላይ ተደርድረዋል። የቁልፉ ጥርሶች እያንዳንዱን ቅጠል ልክ በልኩ ሲያነሡት ነው ሲሊንደሩ የሚዞረው። አንዱ ቅጠል በፀጉር ያህል ከፍ ወይም ዝቅ ካለ አይዞርም። እኔ በሃያ ዓመት ውስጥ ጠይቄው የማላውቀውን ነገር ሽማግሌው በእጅ ባትሪ ብርሃን አሳዩኝ።

ገመዶቹን አገናኝቶ ሞተሪኖውን ማዞር ቀላል ነው አሉ፤ መሪው ሳይላቀቅ ግን ሞተሩ ቢነሣ ምን ይሠራል? ቤቱን እንዳይነቅሉት ደግሞ የታሰረበት ቡሎን ሲጠብቅ ራሱ እንዲሰበር ተደርጎ የተሠራ ነው፤ ሌባ እንዳይፈታው። ቁልፉ ቢኖር የሁለት ደቂቃ ሥራ ነበር፤ ሞተሩ ሳይነሣ ሬዲዮ ብቻ ወደሚሠራበት ወደ «ኤሲሲ» ታዞሪውና በጎኑ ባለችው ቀዳዳ በቀጭን ምስማር ፒኑን ስትጫኚው ሲሊንደሩ ራሱ ወጥቶ እጅሽ ላይ ይወድቃል። ከሌለ በትራፓኖ መብሳት ነው። ቅዳሜ ትራፓኗቸውን ይዘው ይመጣሉ።

አዲስ ሲሊንደር መግዣ አላጣሁም። ግን አባዬ ቁልፉን እንዴት ያዞረው እንደነበር ታስታውሻለሽ? እስከ ውስጥ ይሰካውና በጣም ትንሽ ወደ ኋላ ስቦ፣ ከፍ አድርጎ፣ ከዚያ ነበር የሚያዞረው። በሌላ መንገድ አይነሣም፤ ቅጠሎቹ በእጁ ልክ አልቀዋል። ከቁልፉ ጋር የተንጠለጠለው የብር መስቀል እየተወዛወዘ ፕላስቲኩን ሲጭር ኖሮ እንደ ጨረቃ ያለ ነጭ ቅስት ሠርቶበታል። እርሱ ካለፈ በኋላ ጧት ጧት ገብቼ እንደርሱ ስቤ፣ ከፍ አድርጌ አስነሣና ሞተሩ እስኪሞቅ እቀመጥ ነበር። የሄድሁበት ቦታ የለም። ይህን ለማንም አልነገርሁም። ያን ሰሞን የላክሽልኝን የማጽናኛ መልእክት የማነበውም እዚያው ተቀምጬ ነበር። መልስ አልጻፍሁልሽም… እንዴት ብዬ እንደምጀምር አላወቅሁም ነበር።

የበሩን ቁልፍ ፈትቶ ቅጠሎቹን በመለካት አዲስ ቁልፍ መቅረጽ ይቻል ነበር፤ የድሮ ቶዮታ በአንድ ቁልፍ በሩም ሞተሩም ይከፈታል። ግን ከጎርጎራው ጉድ በኋላ በሮቹ ሁሉ ተቀይረዋል። ምክንያቱን አንቺና እኔ እናውቃለን፤ አባዬ እስኪያልፍ ድረስ ስምሽን አላነሣሁም፤ ይህን ውለታ ቁጠሪልኝ።

ስለዚህ የቀረኝ ሁለተኛው ቁልፍ ነው። ቀይ ክር የታሰረበት። ወደ አዲስ አበባ ስትሄጂ አንገትሽ ላይ ነበር፤ «እመልሰዋለሁ» ብለሽ አልመለስሽም፤ አባዬም «ተዪያት፣ እርሷ ዘንድ ይሁን» አለ። አንቺ እኮ የሻማ ቁራጭ እንኳ የማትጥዪ ሰው ነሽ! የስፌት ሣጥንሽን፣ የፎቶዎቹን ፌስታል፣ የእናትሽን ሙዳይ እይልኝ። ሙዳዩን መክፈት ከከበደሽ ተዪው፤ አላስጨንቅሽም።

ካገኘሽው ቁልፉ እስኪደርስ መጠበቅ አያስፈልገንም። ከፋብሪካ አብሮ የመጣው ቁልፍ እርሱ ስለሆነ ቁጥር ተመትቶበታል፤ ቁጥሩን ብታነቢልኝ፣ ጥርሶቹንም በቀጥታ ከላይ ፎቶ ብታነሺልኝ፣ ሽማግሌው ከቁልፍ ቀራጭ ጋር ሆነው ይሞክራሉ። ምናልባት አዲስ የተቀረጸ ቁልፍ ባለቀው ሲሊንደር እንቢ ሊል ይችላል፤ እንዲያም ሆኖ አንድ ጊዜ ብቻ ወደ «ኤሲሲ» ከዞረ ሲሊንደሩ ሳይበሳ ይወጣል፤ አስቀምጠዋለሁ።

እስከ ዓርብ ማታ ደውዪልኝ። ባታገኚውም ደውዪ። ቁጥሬን አልቀየርሁም።

እህትሽ፣ ከጎንደር